ካሜራ ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ፤ ከለሚ አፋፍ እስከ ዓለም ከተማ

የዕረፍት ጊዜ በተቃረበ ቍጥር ወደየትውልድ አገራቸው የሚሄዱ ጓደኞቻችን ካሜራ ለመዋስ ከአንዱ መኝታ ክፍል ወደ ሌላው ሲመላለሱ ማየት የተለመደ ነው። አንዱ የእኅቱን ሠርግ ሊያነሣ ነው፤ ሌላው በዕድሜ የገፉ አያቱን ከነበርኖሳቸው በሥዕል ሊያስቀር ነው፤ ሌላው ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፉ ማስረጃ ሊሰበስብ ነው። አዋሹም ካሜራውን ሲያስረክብ ሁለት ምክር ይሰጣል፤ «እንዳትጥለው» እና «ውሃ እንዳይነካው»። ሁለቱም ደግ ምክር ናቸው። ይሁን እንጂ ውሃ ሲባል ከሰማይ የሚወርደው ዝናብና ወንዝ ሲሻገሩ የሚረጨው ብቻ ስለሚመስል፣ ካሜራን ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃው ውሃ ሳይጠቀስ ይቀራል። ይኸውም ድምፅ ሳያሰማ ከአየር ውስጥ ወጥቶ በመስተዋቱ ላይ የሚያርፈው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ስለዚሁ ውሃ ነው። ምሳሌውንም ፍለጋ ሩቅ አገር አንሄድም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ ዓለም ከተማ የሚገባው የመርሐ ቤቴ መንገድ ይበቃናል። ይህ መንገድ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ተጓዡን ከደጋ ወደ ቈላ፣ ከቈላም መልሶ ወደ ወይና ደጋ ያደርሰዋል። የለሚ አፋፍ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የጀማ ወንዝ በ1300 ሜትር አካባቢ ይፈሳል። አየር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከአፋፉ ወደ ወንዙ የወረደ ሰው በአንድ ቍልቍለት ብቻ ወደ 8 ዲግሪ የሚሆን የሙቀት ልዩነት ያገኛል ማለት ነው። ሰውየው ጋቢውን አውልቆ ይገላገላል። ካሜራው ግን የለሚን ብርድ በሆዱ እንደ ያዘ ነው የሚወርደው።

ብርድ በራሱ ካሜራን እምብዛም አይጎዳም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ካሜራውን ከብርድ ለማዳን ሲል ወደ ሞቀ ቤት በፍጥነት ያስገባዋል፤ ጉዳቱም የሚጀምረው በዚያች ደቂቃ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል። ሊይዝ የሚችለው መጠን ግን እንደ ሙቀቱ ይለያያል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ25 ዲግሪ ሙቀት እስከ 23 ግራም ውሃ ሊሸከም ይችላል፤ በ15 ዲግሪ 13 ግራም ገደማ፣ በ5 ዲግሪ ደግሞ 7 ግራም ያህል ብቻ። (አየር ውሃን «ይሸከማል» ማለታችንን የፊዚክስ ተማሪዎች ይቅር ይበሉን፤ ለጉዳያችን ይበቃል።) እንግዲህ ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ በዚያ ነገር ዙሪያ ይቀዘቅዛል፤ ሸክሙን መያዝ ያቅተውና የተረፈውን ውሃ እዚያው ያራግፋል። ከማቀዝቀዣ የወጣ የቢራ ጠርሙስ የሚያልበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጠርሙሱ ያፈስሳል ብሎ የሚጠረጥር ማንም የለም። መነጽር የሚያደርጉ ጓደኞቻችንም ከውጭ ብርድ ወደ ምግብ አዳራሽ በገቡ ቍጥር ለጊዜው የሚታወሩት ስለዚሁ ነው።

አየሩ ውሃውን ማራገፍ የሚጀምርበት የሙቀት መጠን የጤዛ ነጥብ ይባላል። የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቍልፍ እርሱ ነው። ካሜራው ከጤዛው ነጥብ በላይ የሞቀ እንደሆነ አንዲት ጠብታ አያርፍበትም፤ ከዚያ በታች የቀዘቀዘ እንደሆነ ግን ቀኑ ብራ ቢሆንም ያልበዋል። ስለዚህ «ከብርድ ወደ ሙቀት ገባሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀሪው ግማሽ «የገባሁበት አየር ምን ያህል ውሃ ይዟል?» የሚለው ነው።

ይህን በመንገዳችን ላይ እንመርምረው። በጥር ወር ማለዳ በለሚ አፋፍ ላይ ቆመን ሸለቆውን ስናነሣ ካሜራችን ወደ 9 ዲግሪ ቀዝቅዟል እንበል። ወደ ጀማ ስንወርድ አየሩ 28 ዲግሪ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ነገር ግን በጋ ስለሆነ እጅግ ደረቅ ነው፤ ከሚችለው ውሃ ሩቡን ብቻ ይዟል እንበል። የዚህ አየር የጤዛ ነጥብ 6 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ካሜራችን ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ የ19 ዲግሪ ልዩነት እያለ እንኳ ምንም አይነካውም። በሐምሌ የሄድን እንደሆነስ? አፋፉ ላይ 11 ዲግሪ፣ ወንዙ ዘንድ 24 ዲግሪ ይሁን፤ ልዩነቱ ከጥሩ ያነሰ ነው። ዳሩ ግን የሐምሌው አየር ከሚችለው ውሃ ሦስት አራተኛውን ቢይዝ፣ የጤዛው ነጥብ 19 ዲግሪ ይደርሳል። ካሜራውን ከቦርሳው ባወጣንበት ቅጽበት ሌንሱ በጉም ይሸፈናል። እንግዲህ ከዚህ ቍልቍለት የሚያስፈራው የክረምቱ ነው፤ የበጋው ግን የአቧራ እንጂ የጤዛ ጣጣ የለበትም።

በጋ ላይ ጠላታችን ያለው በቤት ውስጥ ነው። ወደ መንዝ የዘለቀ ሰው ይህን በደንብ ያየዋል። መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ናት፤ የጓሳ ሣር ምድር ደግሞ ከ3200 ጀምሮ እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ለማንሣት በማለዳ የወጣ ሰው ካሜራውን 3 ወይም 4 ዲግሪ አድርሶ ይመለሳል። ከዚያ የሚገባበት ቤት ድስት ተጥዶበት፣ ቡና እየፈላበት፣ ሰውም ተሰብስቦበት ነው። ከአንድ ሰው እስትንፋስና ቈዳ ብቻ በሰዓት ወደ 40 ግራም የሚሆን ውሃ ይወጣል፤ ስምንት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሲጫወት ቢያመሽ ስንት እንደሚሆን አንባቢ ያስላው። እንዲህ ባለ ቤት አየሩ 22 ዲግሪ ሆኖ ከሚችለው ውሃ 60 በመቶ ቢይዝ የጤዛው ነጥብ 14 ዲግሪ ነው። በ4 ዲግሪ የገባው ካሜራ 14 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ላዩም፣ በር ካገኘም ውስጡ፣ ሲያልበው ይቈያል።

ላዩን ያላበው ካሜራ እምብዛም አያሳስብም፤ ይደርቃል። የሚያሳስበው ውስጡ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ካሜራ ይተነፍሳል። ከለሚ ወደ ጀማ ስንወርድ የአየሩ ግፊት ይጨምራል፤ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አፋፉ ላይ ከድኖ ወንዙ ዘንድ ያየው ሰው ተጨማድዶ ያገኘዋል። በጥብቅ ያልታሸገ ካሜራም እንዲሁ ተጨምቆ እንዳይቀር ከውጭ አየር ይስባል፤ በዚህ ቍልቍለት ውስጡ ከነበረው አየር አንድ ሰባተኛ የሚያህል አዲስ አየር ይገባበታል። የሚገባውም የሸለቆው ርጥብ አየር ነው፤ የሚያርፈውም በቀዘቀዘው የውስጥ መስተዋት ላይ ነው። ርቀት ለማቅረብ እየረዘመና እያጠረ የሚሠራ ሌንስ ያለው ሰው ደግሞ በእጁ እንደ ወናፍ እየነፋ ይጨምርበታል። ስለዚህ በቍልቍለቱ ላይ ካሜራው በታሸገ ነገር ውስጥ መሆን አለበት የምንለው ላዩን ለመጠበቅ ብቻ አይደለም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ቀዳዳ የሌለው ፌስታል ነው። ዘዴው ሁሉ ግን በጊዜው ላይ የተመሠረተ ነው። ካሜራው ፌስታል ውስጥ የሚገባው ገና በብርዱ ቦታ ሳለን ነው፤ ወደ ቤት ከገቡ በኋላ ማሰር ርጥቡን አየር ከካሜራው ጋር አንድ ላይ መቈለፍ ነው። አየሩን በእጅ ጨምቆ ማስወጣት፣ አፉን ጠምዝዞ አጥብቆ ማሰር፣ ቢቻል በሌላ ፌስታል መደገም ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ቤቱ የፈለገውን ያህል ቢሞቅ ላቡ የሚወርደው በፌስታሉ ላይ ነው፤ ካሜራው ውስጥ ሆኖ በደረቅ አየር ተከቦ ቀስ እያለ ይሞቃል። በመንዝ ባና መጠቅለልም መልካም ነው፤ ሙቀቱ ዝግ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ነገር ግን ባናው በፌስታሉ ላይ ይደረብ እንጂ በፌስታሉ ፈንታ አይሁን። የበግ ጠጕር ሙቀትን ያዘገያል፤ እንፋሎትን ግን አያግድም።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ለሚለው፣ ለትንሽ ካሜራ አንድ ሰዓት፣ ትልቅ ሌንስ ላለው ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ነው። ሰዓት መቍጠር ለማይወድ ሰው በአገራችን የታወቀ መለኪያ አለ፤ ከአቦል እስከ በረካ። ቡናው በወጉ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ሦስተኛው ስኒ እስኪጠጣ ድረስ ትንሹ ካሜራ ሞቆ ይጠብቃችኋል።

እዚህ ላይ እውነተኛ ችግር እንዳለ አንክድም። ከዓመት በኋላ አገሩ የገባ ተማሪ ሊያነሣው የሚመኘው ሥዕል የእናቱ ፊት ነው፤ ያውም በደጃፍ ላይ፣ ገና ሲያዩት። ያን ጊዜ «እማዬ፣ ካሜራዬ እስኪሞቅ አንድ ሰዓት ይታገሡኝ» ማለት አይቻልም። ለዚህ የምናውቀው መፍትሔ ሁለት ነው። አንደኛው ውጭ ማንሣት ነው፤ ካሜራው እንደ ቀዘቀዘ፣ በግቢው ውስጥ፣ በቀኑ ብርሃን። ብርዱን የለመደ ካሜራ በብርዱ ውስጥ እስካለ ድረስ በሚገባ ይሠራል፤ እናትም በጨለማ ጐጆ ውስጥ ከሚነሡ ይልቅ በደጅ ቢነሡ ያምርባቸዋል። ሁለተኛው ካሜራውን ከመንገዱ ጀምሮ አሙቆ መምጣት ነው። በፌስታል ታስሮ ከጋቢው በታች ከሰውነት ጋር ተጣብቆ ለረዥም ጊዜ የቈየ ካሜራ ከቤቱ አየር የጤዛ ነጥብ በላይ ስለሚሞቅ፣ ቤት ሲገባ አያልበውም። ያለ ፌስታል በብብት መያዝ ግን ዳገት ለወጣ ሰው አይበጅም፤ የራሱን ላብ ያጠጣዋል።

በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ሌላም ምልክት አለ። በክረምት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ስድሳ ሰው ሲተነፍስ፣ መስተዋቱ ከውስጥ በኩል ያልበዋል። እርሱን የርጥበት መለኪያ አድርጉት። የአውቶቡሱ መስኮት ካላበ ቦርሳችሁን አትክፈቱ፤ የካሜራችሁ ሌንስ እንደዚያ መስተዋት የቀዘቀዘ ነውና።

ያነሣችሁትን ሥዕል ለማየት የምትቸኵሉ ከሆነ፣ የማስታወሻ ካርዱን ካሜራውን ከማሰራችሁ በፊት በብርዱ ቦታ አውጡት። ይህን ያላደረገ ሰው ቤት ሲደርስ ወዳጆቹ «እስኪ አሳየን» እያሉ ይጨቀጭቁትና ፌስታሉን ሳይወድ ይፈታል።

ከቶ ያላበውስ ምን ይደረጋል? ባትሪውን ማውጣት፣ አለማብራት፣ ሌንሱን አለመፍታት፣ ደረቅ አየር ባለበት ቦታ ማቈየት ነው። ሌንሱን የፈታ ሰው ላቡን ወደ ውስጥ ይጋብዛል። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ጭሱና ሙቀቱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በጋቢ ጫፍ መጥረግ በሁላችን ዘንድ የተለመደ ነው፤ ጋቢው ግን ከሙከ ጡሪ ጀምሮ የመንገዱን አቧራ ሲሰበስብ የመጣ ነውና መስተዋቱን ይፍቀዋል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከሌለ ባይነካ ይሻላል።

በየቀኑ ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከሙቀት ወደ ብርድ መመላለስ ለሚኖርበት ሰው ሌላ ብልሃት አለ፤ ካሜራውን ጭራሽ አለማሞቅ። ከካፒቴን ስኮት ጋር ወደ ደቡብ ዋልታ ምድር የዘመተው እንግሊዛዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኸርበርት ፖንቲንግ እ.ኤ.አ. በ1911 ካሜራዎቹን ከሚኖሩበት የእንጨት ቤት ውጭ በብርዱ ውስጥ ይተዋቸው ነበር። ወደ ውስጥ ያስገባቸው እንደሆነ ውሃ ይለብሳሉ፤ መልሶ ሲያወጣቸው ያ ውሃ በረዶ ይሆናል። ብርዱ እንዴት ያለ እንደ ነበረ ለመረዳት፣ አንድ ቀን ምላሱ የካሜራውን ብረት ቢነካ ተጣብቆ መቅረቱን እርሱ ራሱ መጻፉን ማስታወስ ይበቃል። የጓሳ ብርድ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ብልሃቱ ግን ያው ነው። በማግሥቱ ማለዳ ተመልሶ ለሚወጣ ሰው ካሜራውን እሳት በሌለበት ጓዳ፣ በተቈለፈ ሣጥን ውስጥ፣ በፌስታል አስሮ ማሳደር ከማሞቅ ይሻላል። ሣጥኑን ማለታችን ለሌባ ብቻ አይደለም፤ የደጋ አይጥ የትከሻ ማንገቻ ቈዳ ይወዳል።

ባትሪው ግን በሣጥኑ ውስጥ አይደር። ብርድ ሊጎዳው የሚችለው ክፍል እርሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በዛሬዎቹ ካሜራዎችና በእጅ ስልኮች ያለው የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ያለውን ኃይል መስጠት ያቅተዋል፤ ስልኩ ግማሽ እያለው ድንገት ይጠፋል። ባትሪው ሞተ ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም፤ በደረት ኪስ ውስጥ ጥቂት ከቈየ ይመለሳል። ሌሊት ከብርድ ልብሱ በታች ከሰው ጋር ይደር። ከዜሮ በታች እንደ ቀዘቀዘ ቻርጅ ማድረግ ግን በእውነት ያበላሸዋል፤ አስቀድሞ ይሙቅ። የስልክ ቻርጅ መሰኪያ ካላበም እንዲሁ እስኪደርቅ መታገሥ ያስፈልጋል።

በፊልም ማንሣትን እንደገና የጀመሩ ጓደኞቻችን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለባቸው። ፊልም በብርድ ይደርቃል፤ በኃይል ሲጠመዘዝ ይሰበራል፤ በደረቅ ብርድም በፍጥነት ከተጠመዘዘ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ፈጥሮ በሥዕሉ ላይ እንደ መብረቅ ያለ መሥመር ይተዋል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ፊልም ከነማሸጊያው ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞቅ መከፈት የለበትም።

የሌንሱ ላብ በደረቀ ማግሥት ነገሩ አልቋል ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። አላለቀም። በሌንስ ውስጥ የቀረ ርጥበት ሻጋታ ያበቅላል። የሻጋታ ዘር የሌለበት አየር የለም፤ የሚጠብቀው ርጥበትና ጨለማ ብቻ ነው። የአየሩ ርጥበት ከ60 ወይም ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ለሳምንታት ሲቈይ፣ በመስተዋቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ይዘረጋል፤ ከራሱ የሚያወጣው አሲድም የመስተዋቱን ቅብ ይበላል። ድሩ ቢጠረግ እንኳ ጠባሳው ይቀራል። ስለዚህ በሐምሌ ጀማን ተሻግሮ የመጣ ካሜራ ቀጥታ ወደ ቈዳ ማኅደሩ ገብቶ በቁም ሣጥን ውስጥ ክረምቱን መክረም የለበትም። ቈዳ ርጥበትን እንደ ሰፍነግ ይጠጣል፤ ለመንገድ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ክዳኑ የሚገጥም ንጹሕ የፕላስቲክ ዕቃ ይበልጣል። ውስጡም በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት «ሲሊካ ጄል» የምትባለው ከረጢት ብትጨመርበት ርጥበቱን ትስባለች። ቀለም ያላት ዓይነት ስትጠግብ ቀለሟን ትለውጣለች፤ ያን ጊዜ ፍሬዎቹን በምድጃ ላይ በዝግታ ማድረቅ እንደገና እንድትሠራ ያደርጋታል። በሩዝ ውስጥ መቅበር ግን ዱቄቱን ወደ ካሜራው ያስገባል እንጂ የረባ ሥራ የለውም። ትኩስ የገብስ ቆሎ በሩዝ ፈንታ ይሆን እንደሆነ የጠየቁን አሉ። ቆሎው በእርግጥ ጥቂት ርጥበት ይስብ ይሆናል፤ ነገር ግን ከላይ የጠቀስነውን አይጥ ስለሚጠራ ለመንገድ ስንቅ ቢውል ይሻላል።

ይህን ሁሉ የምናትተው ስለ ዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሊደገሙ የማይችሉ ሥዕሎች ስላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9000 የሚሆኑ ብራናዎችን አንሥቶ፣ ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ተቀምጦ ይገኛል። ከተነሡት አያሌዎቹ የሸዋ ናቸው። ያልተነሡም ብዙ ናቸው፤ ዛሬ ለጥናት ወደ መርሐ ቤቴና ወደ መንዝ አድባራት የሚሄዱ ተማሪዎች እነዚያን ለማንሣት ይለምናሉ። ፈቃድ ሲገኝም ዕቃ ቤቱ የሚከፈተው ለአንድ ጊዜ ነው፤ ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን ገልጠው ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ ጕዞ ያለበት ተማሪ በዋዜማው ካሜራውን በእሳት ቤት አያሳድረው፤ በማለዳም በብርድ ተሸክሞት ከሄደ፣ ሰው ወደ ሞላበትና ጧፍ ወደሚበራበት ቤት ከመግባቱ በፊት በፌስታል ይሰረው። ከቄሰ ገበዙ ጋር ሰላምታው፣ የደብዳቤው ንባብና ምርቃቱ አንድ ሰዓት ይወስዳልና፣ ካሜራው እስከዚያ ይሞቃል። ፌስታሉን ከመፍታት በፊት በውጭ በኩል በእጅ ዳስሱት፤ ፌስታሉ ገና እርጥብ ከሆነ ካሜራው ገና ቀዝቃዛ ነው።